የአባቴ ግራ እጅ

ሙያዬን ለወገኖቼ ማስረዳት ራሱን የቻለ ሌላ ሙያ ነው። ያኔ፣ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሁለት ሺህዎቹ አጋማሽ፣ እስራኤል ውስጥ ሀደራ በምትባል ከተማ ከእናትና አባቴ ጋር እየኖርኩ፣ ጠዋት ጠዋት ከሀደራ ምዕራብ ጣቢያ ባቡር ይዤ ሐይፋ እየተመላለስኩ ለሁለተኛ ዲግሪ እማር ነበር። የማጠናው አንጎል በዙሪያችን ያለውን ቦታ እንዴት እንደሚያውቅ፣ እጅንም ወደ ፈለገው ነገር እንዴት አድርጎ እንደሚልክ ነው። በቤተ ሙከራችን ሰዎች ጠረጴዛ ፊት ይቀመጣሉ። መብራት ብልጭ ሲል እጃቸውን ዘርግተው ይነኩታል። እኛ ደግሞ እጃቸው ስትነሳ፣ ስትፈጥን፣ ስትስትና ስትታረም እንከታተላለን። በቃ፣ ይኸው ነው።

«ሐኪም ልትሆኚ ነው?» ይሉኛል የሠፈራችን እናቶች።

«አይደለም፤ አንጎል እጅን እንዴት እንደሚያንቀሳቅስ ነው የማጠናው።»

«እሱንማ እኔስ መች አቃተኝ! ሳልማር አንቀሳቅሰው የለም እንዴ?» ብላ አንዷ እጇን ፊቴ ላይ ስታወናጭፍ ሌሎቹ በሳቅ ይሞታሉ። እኔም አብሬ እስቅ ነበር፤ ነገሩ ግን ከውስጤ አይወጣም። እውነቷን ነው፣ ለማን ይጠቅማል? እያልኩ ሳስብ ከረምኩና፣ መሀል ሀደራ ካሉት ባንኮች አንዱ ሥራ ሊሰጠኝ ፈቃደኛ መሆኑን ሲነግረኝ ትምህርቱን ለመተው ወሰንኩ። ለመምህሬም ልነግረው ተዘጋጅቼ ነበር። የሚከተለው ነገር የደረሰው እንዲያ ባለሁበት ሰሞን ነው።

አባቴ አቶ ዓለሙ ይባላሉ። እንደ ፈረንጆቹ በሰማንያዎቹ አጋማሽ ከጎንደር ተነስተው፣ ሱዳንን አቋርጠው፣ እኔን ሕፃኗን በጀርባቸው አዝለው እዚህ ያደረሱኝ እሳቸው ናቸው። ሀደራ ከገባን ጀምሮ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የሠሩት ብርቱካን እርሻ ውስጥ ነው። ዕብራይስጣቸው የሥራ ቦታ ዕብራይስጥ ነው። የሚሏቸውን ሁሉ ይሰማሉ፤ ለመመለስ ግን ቁጥብ ናቸው። ዝምታን ከጨዋነት የሚቆጥሩ ሰው ናቸው።

አንድ ሰንበት ከሰዓት በኋላ ሦስታችን ናሓል ሀደራ ወንዝ ዳር ወርደን ባሕር ዛፎቹ ሥር ስንናፈስ፣ አባቴ የያዙት የውሃ ብርጭቆ ከእጃቸው ወደቀ። ጎንበስ ብዬ አነሳሁላቸውና ቀና ስል አፋቸው ወደ አንድ ወገን ተጣሟል። «አባባ!» ብዬ ጮህኩ። ሊመልሱልኝ ሞከሩ፤ ከአፋቸው የወጣው ግን ቃል አልነበረም። እናቴ አጋድማቸው ራስጌያቸው ተቀምጣ ራሳቸውን ደግፋ ይዛ፣ እኔ መንገዱ ዳር ቆሜ እየጮህኩ፣ አምቡላንስ መጣ።

ስትሮክ ነው አሉን። በቀኝ በኩል ያለው የአንጎላቸው ክፍል ነው የተጎዳው። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከጥቂት ቀናት በኋላ አንደበታቸው ተመለሰ፤ ግራ እግራቸው ቢዝልም በሰው ተደግፈው መቆም ጀመሩ፤ ግራ እጃቸውም ቀስ እያለች መነሳት ቻለች። እኛ ክፉው አልፏል ብለን ተንፈስ አልን። ለካ ገና ነው።

በሆስፒታሉ ደንብ በሽተኛው ከመውጣቱ በፊት ይመዘናል። ምዘናውን ካለፈ ወደ ሺኩም ይዛወራል። ሺኩም የሚባለው ሰውን ዳግም እንዲራመድ፣ እንዲበላ፣ እንዲለብስ የሚያለማምዱበት ክፍል ነው። ካላለፈ ደግሞ የአረጋውያን መጦሪያ፣ ቤት አቮት፣ ይላካል። አልጋው ጥቂት ነው፣ ወረፋው ብዙ፤ ስለዚህ ይሻለዋል የሚሉትን ይመርጣሉ።

የምትመዝነው ሪና የምትባል የእጅና የዕለት ተዕለት ሥራ አሠልጣኝ ነበረች። ፈገግታዋ የማይጠፋ፣ ለሥራዋ የምትጠነቀቅ ሴት ናት፤ ክፉ አልነበረችም። አባቴን ጠረጴዛ ፊት አስቀምጣ እሷ በግራቸው በኩል ተቀመጠች። ባለቀለም የእንጨት ኩቦች በግራም በቀኝም ደረደረች። እኔን ከኋላ ቁሚ፣ ምንም አትናገሪ አለችኝ።

«ዓለሙ» አለቻቸው፣ ዕብራይስጥ አንቱ አያውቅም፤ «በቀኝ እጅህ አንዱን አንሳና ስጠኝ።»

አባቴ አንስተው ሰጧት።

«ጎበዝ! አሁን ደግሞ በግራ እጅህ አንሳና ስጠኝ።»

«ኬን፣ ኬን» አሉ አባቴ፤ እሺ፣ እሺ ማለታቸው ነው። እጃቸው ግን አልተንቀሳቀሰችም።

ሪና ደገመችላቸው። አባቴ ፈገግ አሉና ፊታቸውን ወደ ቀኝ፣ ወደ መስኮቱ፣ አዞሩ። ሦስተኛ ስትጠይቃቸው በቀኝ እጃቸው ከቀኝ በኩል ካሉት ኩቦች አንዱን አነሱና በጠረጴዛው ላይ አሻግረው ሰጧት። በግራ በኩል ያሉትን አንዱንም አልነኩም። እሷ በግራቸው ሆና ደጋግማ ስትጠራቸው አባቴ ዓይናቸውን ከመስኮቱ ላይ አላነሱም።

እኔ ከኋላ ቆሜ ደነገጥኩ። ምክንያቱም የማየውን ነገር ከማንም በላይ አውቀው ነበር። አንዳንድ ሰው የአንጎሉ ቀኝ ክፍል ሲጎዳ፣ ዓይኑ ደህና ሆኖ ሳለ፣ በግራው ያለው ዓለም ከነጭራሹ ይጠፋበታል። ከሳህኑ የቀኙን ወገን በልቶ ግራውን ይተዋል። የፊቱን አንድ ጎን ብቻ ይላጫል። እጁ ጉልበት እያላት አያዛትም፤ እንደሌለች ይረሳታል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ የጠፋበትን ነገር እንደጠፋበት አለማወቁ ነው። ይህን ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ! አባቴ ይሆናሉ ብዬ ግን በሕልሜም አስቤው አላውቅም።

የክፍሉ ኃላፊ ዶክተር ኮሪደሩ ላይ እኔንና እናቴን ጠራን። ንግግሩ አጭር ነበር። «የግራውን ዓለም አጥቶታል። እንዲህ ያለ ሰው ልምምዱን ለመከተል ይቸገራል። ነገ ከቀትር በፊት እንወስናለን፤ እኔ የማዘነብለው ግን ወደ ቤት አቮት ነው።»

እናቴ ከንግግሩ መሀል ያቺን አንዲት ቃል ለይታ ሰማቻት። «ቤት አቮት? ማን ነው ቤት አቮት የሚገባ?» ብላ ክንዴን ጨመደደችኝ። «አስቴርዬ፣ ንገሪኝ እንጂ! አባትሽን? ልጅ የወለደ ሰው? ምነው እኛ ሞተናል እንዴ?»

ምን ልበላት? ቤት ወስደን እንንከባከባቸው ብንል እንኳን ያለ ሺኩም ዳግም አይራመዱም። ጊዜው ካለፈ አንጎል የሚማረውን ያህል አይማርም፤ ይህንንም አጥንቼዋለሁ። ዕውቀት ደስ አይልም አንዳንዴ።

በማግስቱ ጠዋት ባቡሩን ትቼ በቀጥታ ወደ ሆስፒታል ሄድኩ። ቁርስ ቀርቦላቸው ነበር። ከበሩ ቆም አልኩና ሳያዩኝ አየኋቸው። እርጎውን በግራ እጃቸው ያዙ፣ በቀኛቸው ክዳኑን ላጡት። ቆየት ብለው ከሳህኑ ዳር፣ ከግራው ጥግ፣ የተከተፈውን ኪያር አንድ በአንድ ለቀሙ። ሳህኑን ባዶ አደረጉት። ብርድ ልብሳቸው በግራ በኩል ሸርተት ሲል ማንም ሳይነግራቸው ግራ እጃቸው ሄዳ ያዘችው፤ ትንሽ እየተንቀጠቀጠች፣ ግን ያዘችው።

እዚያው በር ላይ ደርቄ ቀረሁ። የግራው ዓለም የጠፋበት ሰው ሳህኑን ባዶ አያደርግም። ታዲያ ትናንት ምን ሆነው ነው?

«አባባ፣ እንደምን አደሩ?» ብዬ ገብቼ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጥኩ። «አባባ፣ ትናንት ያቺ ሴትዮ በግራ እጅዎ ይስጡኝ ስትልዎት ሰምተዋታል?»

«እንዴታ! ጆሮዬ ምን ሆነና?»

«ታዲያ ለምን አልሰጧትም?»

አባቴ ዙሪያውን ቃኘት አደረጉና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ልጄ፣ እንዴት አድርጌ ለሰው በግራ እጅ እሰጣለሁ? ያውም ሌት ተቀን ለምትረዳኝ ሴት! ልጅቱ አታውቅም፤ አላወቀችም ብዬ ልስደባት?»

«ታዲያ እምቢ አልሰጥም አይሏትም?»

«እሱስ ነውር አይደል? ሊረዳሽ የመጣን ሰው እምቢ ይሉታል? እሺ እሺ አልኩና ፊቴን መለስ አደረግሁ። እንድትተወኝ ብዬ ነበር፤ እሷ ግን አልተወችኝም። አፈርኩ።»

ሳቄና እንባዬ አንድ ላይ መጡ። ሁላችንም ያደግንበት ነገር ነው! በግራ እጄ ዳቦ ያቀበልኩ ዕለት እናቴ እጄን መታ አድርጋ ዳቦውን ያስመለሰችኝ ስንቴ ነው! እዚያ ክፍል ውስጥ ከኋላ ቆሜ ግን አንጎል እንጂ አባቴን አላየሁም ነበር። ግንባራቸውን ሳምኩና እየሮጥኩ ወጣሁ።

ሪናን ሳገኛት ትንፋሽ አጥሮኝ ነበር። ሁሉንም ነገርኳት። ፊቷ ቀላ። «ለምን አልነገረኝም?»

«እንዳታፍሪ ብሎ።»

«ነይ» ብላ ወደ ዶክተሩ ወሰደችኝ። እሱ ግን እንደሷ አልቀለለልኝም።

«ስሚኝ» አለኝ፤ «ቤተሰብ ሁልጊዜ ማየት የሚፈልገውን ያያል። አንድ የቁርስ ሳህን ምርመራ አይደለም። በግራ እጅ መስጠት ነውር ነው ብትዪኝም፣ እጁን የረሳ ሰውም ያው አይሰጥም። ሁለቱን በምን እለያቸዋለሁ?»

ጥያቄው ትክክለኛ ነበር። የሚያናድደውም እሱ ነው፤ ሰውየው ልክ ነበር። በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደግሞ መልሱን ከማንም በላይ የማውቀው እኔ ነበርኩ።

«ስጥ አንበለው» አልኩ። «ንካ እንበለው። ለማንም የሚሰጥ ነገር አይኑር። የማጠናው ይህንን ነው፤ ፍቀድልኝ።»

ሰዓቱን አየ። «ከስብሰባው በፊት ትንሽ ጊዜ አለኝ። ግን አንቺ ቃል አትናገሪም። ሪና ናት የምታዘው።»

ከነርሶቹ ጠረጴዛ ክብ ክብ ባለቀለም ተለጣፊዎች ለመንኩና በጠረጴዛው ላይ ለጠፍኳቸው፤ አንዳንዱን ቅርብ፣ አንዳንዱን ራቅ፣ ቀዩን ደግሞ በግራ በኩል መጨረሻው ጠርዝ ላይ። አባቴን አምጥተው አስቀመጧቸው። እናቴም ገባችና ከበሩ አጠገብ እጆቿን አጣምራ ቆመች። ሪና ክቦቹን በግራ እጃቸው እንዲነኩ በቀስታ አስረዳቻቸው።

አባቴ ወደ እኔ ዞር አሉ። «ለማንም አልሰጥም? መንካት ብቻ?»

እንዳልናገር ታዝዣለሁ። በራሴ ነቅነቅ አልኩ።

«እሱማ ምን ነውር አለው» አሉና ግራ እጃቸውን ከጭናቸው ላይ አነሱ።

አረንጓዴውን ነኩ። ቢጫውን ነኩ። ሰማያዊውን ሊስቱት ምንም አልቀራቸውም፤ ግን ነኩት። ዶክተሩ ክንዱን አጣጥፎ ያያል እንጂ ፊቱ ላይ ምንም አይነበብም። «አሁን ቀዩን» አለች ሪና።

እጃቸው ተነሳች። ወደ ግራ ሄደች፣ ሄደች፣ ተንቀጠቀጠች፣ ከዚያም ከቀዩ ወዲህ፣ ባዶው ጠረጴዛ ላይ አረፈች።

ዶክተሩ በረጅሙ ተነፈሰ። «ይኸው» አለ ለሪና በለሆሳስ። እናቴ ቋንቋው ባይገባትም ትንፋሹ ገባትና ነጠላዋን አፏ ላይ አደረገች። እኔ ጥርሴን ነክሻለሁ። ዓይኔ ግን እጃቸው ላይ አልነበረም። ፊታቸው ላይ ነበር።

አባቴ ምላሳቸውን ቀጭ አደረጉ። ሥራ ያበላሸ ሰው በራሱ ሲናደድ እንደሚያደርገው። እጃቸውን መለሱና እንደገና ላኩ። አሁን ደግሞ ቀዩን አልፋ ሄደች። «ኤዲያ!» አሉ። ሦስተኛ ላኳት፤ በቀስታ፣ እያዩዋት፤ ልክ ቀዩ ላይ አስቀመጧት። እንዳያመልጣቸው የፈሩ ይመስል በአውራ ጣታቸው ተጫኑት።

የገባሁትን ቃል ረሳሁት። «ዶክተር! አየኸው? ሳተ፣ መሳቱንም አወቀ! የግራው ዓለም የጠፋበት ሰው የሳተውን አያውቅም፤ በሌለ ቦታ ላይ ማን ይሳሳታል? መጀመሪያ አጠረበት፣ ቀጥሎ አስረዘመ፣ ቀጥሎ መሀሉን ያዘ። አንጎሉ ቦታውን ያያል፣ ስህተቱን ይለካል፣ ያርማል። የደከመችው እጁ ናት እንጂ ዓለሙ አልጠፋበትም። የደከመ እጅ ደግሞ ሺኩም ውስጥ ይማራል!»

እንዲያ አድርጌ ለትልቅ ሐኪም ተናግሬ አላውቅም። እናቴ እንኳን «ምነው ጮኽሽበት?» በሚል ዓይን ታየኛለች።

ዶክተሩ ጎንበስ ብሎ ቀዩን ተለጣፊ ላጠው። «ዓይንህን ጨፍን» አላቸው አባቴን። ሲጨፍኑ ከጠረጴዛው አርቆ ግራ ጉልበታቸው አጠገብ ካለው ወንበር መደገፊያ ላይ ለጠፈው። «ግለጥ። ቀዩ የት አለ?»

አባቴ ጠረጴዛውን ቃኙ። ወደ ቀኝ አዩ። ከዚያ አንገታቸውን ወደ ግራ አዙረው፣ ጎንበስ ብለው፣ «ምነው ካገሩ አስወጣኸውሳ!» አሉና በአማርኛ ቀለዱበት፤ እጃቸውን ሰደው አንድ ጊዜ ስተው በሁለተኛው ነኩት።

ዶክተሩ ቀና አለ። ፈገግ ብሎ ቀኝ እጁን ዘረጋላቸው። አባቴ ጠረጴዛውን ተደግፈው ብድግ ለማለት ሞከሩ፤ ለሐኪም ተቀምጦ እጅ መስጠት የት ያውቃሉ! ግማሽ ያህል ከተነሱ በኋላ ቀኛቸውን ሰጡት። ያን ጊዜ ያቺ ግራ እጃቸው፣ ማንም ሳያዛት፣ ከጭናቸው ላይ ተነስታ መጣችና የቀኝ ክንዳቸውን ከሥር ደገፈች።

ሪና አየቻት። «አሁን ግራ እጁ ምን እያደረገች ነው?» ብላ ጠየቀችኝ።

«እያከበረችው ነው» አልኳት።

«ሺኩም» አለ ዶክተሩ፣ አንዲት ቃል ብቻ፤ ወረቀቱን ይዞ ወደ ስብሰባው ሄደ። እናቴ ይቺንም ቃል ለይታ ሰማቻት። እልልታዋን ስታቀልጠው ነርሶቹ ሰው የሞተ መስሏቸው ከየክፍሉ እየሮጡ መጡ።

ከሰዓት በኋላ ብቻችንን ስንሆን አባቴ እጄን ያዙ። «ያቺ የመዘነችኝ ሴት ወጥታ ተመልሳ ‹ይቺ ልጅህ ናት ወይ?› አለችኝ» አሉ። «‹አዎ› አልኳት። ሌላም ልላት ነበር፤ ኩራቱ ጉሮሮዬን ያዘኝ።» አባቴ ስለ እኔ እንዲያ ሲሉ ሰምቼ አላውቅም ነበር።

ባንኩን በማግስቱ ደውዬ አመስግኜ ተውኩት። መምህሬ ላቋርጥ እንደነበር ዛሬም አያውቅም። አበው «ሳይደግስ አይጣላም» የሚሉት ለካ ለእንዲህ ያለው ቀን ነው። ዶክትሬቴን የሠራሁት ስህተቱን ስለሚያርም እጅ ነው። ሪናም ከዚያ ወዲህ የእኛ ሰዎች ሲመጡላት ኩቡን ስጡኝ አትልም፤ ሳጥን አስቀምጣ እዚህ ውስጥ ጨምሩ ትላለች። ትንሽ ነገር ትመስላለች፤ ግን በዚያች ሳጥን ስንት አባትና እናት ቤት እንደተመለሱ እኔ ነኝ የማውቀው። አባቴ ከሺኩም የወጡት ከዘራ ይዘው፣ በራሳቸው እግር ነው።

እናንተ ይህን የምታነቡ የጎንደር ልጆች፣ ሀደራም ኑሩ ሌላ ቦታ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ወላጃችሁን ይዛችሁ ሐኪም ፊት ስትቀርቡ ቃሉን ብቻ አታስተርጉሙ። ዝምታቸውንም፣ ፊታቸውን መመለሳቸውንም፣ እጃቸው የማታደርገውንም አስተርጉሙ። «አልቻለም» ሲሏችሁ «አልቻለም ወይስ ነውር ሆነበት?» ብላችሁ ጠይቁ። ለተማሪዎቼም የማስተምራቸው ይህንኑ ነው።

ታሪኩን ስነግራቸው ሁልጊዜ አንዱ እጁን ያወጣና «ታዲያ በመጨረሻ በግራ እጃቸው ሰጧት?» ይለኛል።

አልሰጧትም። አይሰጧትምም። አባቴ አንጎላቸው ተመትቶ፣ አፋቸው ተጣሞ፣ እግራቸው ዝሎ ሳለ እንኳን ሰው ማክበርን ያልረሱ ሰው ናቸው። እኔም የእሳቸው ልጅ ነኝ።